አራት ጆሮ

የድልድዩ ጊዜ፣ ደጀን ካፋፉ ላይ፣
ዘንግ ይዤ ስቆምለት ጃፓኑ ቀያሽ ሲያይ፣
በመነጽሩ ዓይን ዓባይን ሲለካ፣
ሞሪሺታ ስሙ፣ ዝምታው የረካ፤
አንድ ቀን ከምሳ፣ ከዋንዛው ጥላ ሥር፣
መጽሐፍ ገልጦ አሳየኝ የአንድ ጋን ምስል፣ ቡናማ፣ ወዘ ጥቁር፣
ጫንቃው ላይ አራት ጆሮ፣
አንገቱ በሐር ገመድ እንደ ሙሽራ ታስሮ።

«ይህ ጋን» አለኝ፣ «ድሮ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ፣
ጨው ይሁን ዓሣ ተሞልቶ ከመርከብ ሆድ የወጣ፣
ተራ ዕቃ ነበር፤
እኛ አገር ገብቶ የሻይ ቅጠል ቢይዝ፣ ወጣለት ክብር።
ስም አወጡለት፤
እንደ መኳንንት ካባ ደረቡለት፤
ጌቶች ርስት ለወጡበት፤
በሰው ጫንቃ ሲያልፍ፣ ገበሬ ከእርሻው ወጥቶ
ይሰግድ ነበር ከጭቃው ተደፍቶ።»

ሳቅሁ። ምን ላድርግ?

እናቴ አንጓች ጋን ትሠራለች፤ ቅዳሜ ገበያ ስትወጣ
ብሩን ከምድር ይጥሉላታል፣ ከእጇ አንዳች ነገር እንዳይመጣ።
በሷ ጋን የጠመቁት ጠላ ይጣፍጣቸዋል፤
ከዓይኗ ግን ልጅ ይሸሸጋል።
«ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል» ይላል ያገሬ ሰው፤
እውነቱን ነው፤
ቤታችን ያለው ሳህን ሁሉ ስንጥቅ ነው፣
ደኅናውን ገበያ ወሰደው።

ሞሪሺታ ይህን ሰማ። ማታውን ቤታችሁ ካልሄድኩ አለ።
እናቴ ቀና ብላ አየችው፣ የሙጋ ጭቃ ከእጇ ላይ እንዳለ።
ከደጃችን ጫማውን አወለቀ፤
ለጠይብ ቤት! ጎረቤት ባጥር ቀዳዳ ሳቀ።

ምስሉን በኩራዝ አየችው፣ አራቀች፣ አቀረበች፤
ስለ ስሙ፣ ስለ ካባው ነገርኳት፤ አንገቷን እንኳ አልነቀነቀች።
«ሠሪውስ?» አለች፤ «ስሙ ማነው የሠራው?»
ተረጎምኩ። ሰውየው ገጹን ወደፊት ወደኋላ ገለበጠው፤
«አይታወቅም» አለ፤ «ሊቃውንትም አላገኙት፤ የጋኑ ብቻ ነው የሚታወቀው።»

«አራት ጆሮ ይዞ» አለች፣ «የናቱን ስም አልሰማ?»
ኩራዙን አስጠጋች፤ የጋኑ ግራ ጫንቃ ነበር ጨለማ።
«ሴት ናት። ግራኝ ናት። ይኸው፣ ዝቅ ያለው በዚህ በኩል ነው፤
እዚህ ላይ ቸኩላለች፤ ልጅ አልቅሶባት፣ ጡት ፈልጎ ነው፤
ሦስተኛውን ጆሮ ስትለጥፍ ጭቃው ደርቆባታል፤
ምራቋን ቀብታ መለሰችው፤ ያው፣ ጥፍሯ ቀርቶበታል።»

«ምን አለች?» አለኝ። ነገርኩት።
ማስታወሻውን አውጥቶ ጻፈ፣ የዓባይን ልክ ከጻፈበት ገጽ ጎን፤
ምን እንዳለ አላውቅም፤ ፊደሉ የዶሮ እግር መሰለኝ ያን ቀን።

በሳምንቱ ትልቅ ጋን ተኮሰች፤
አራት ጆሮ አወጣችለት፤ «ለጋን ምን ያደርግለታል?» ሲሏት ዝም አለች።
ቅዳሜ ተሸክሜ አወረድኩላት፣ በጠጠር ደገፍኩላት።
(ጋንስ በጠጠር አይደል የሚቆመው? ጠጠሯን ግን ማን ያመስግናት!)
አንድ ደጋሽ መጣ፤ ባንጓ ጣቱ ቆረቆረው፤ ደወል!
«ስንት ትይዋለሽ?» «መቶ ሃያ። ስም አለው፤ ከጠየቅኸኝ ይነገርሃል።»
«ጋን? ስም?» ሳቀ፤ ገበያው ተቀብሎት ሳቀ፤
መቶ ብር ከመሬት ጣለ፤ ባህያ ጭኖ ራቀ።

ብሩን አነሳች፤ አቧራውን አራገፈች።
ማታ «ስሙ ማን ነበር?» ብላት፣ «የጠየቀኝ የለም» አለች።
«እኔ ጠየቅሁሽ!» «አንተማ ልጄ ነህ፤ ገዢ አይደለህ» ብላ ተኛች።

ድልድዩ አለቀ። ሞሪሺታ ሄደ። ቆይታ እሷም ሄደች።

ዛሬም ደጀን ላይ ሠርግ ስጠራ፣ ካንዱ ጓዳ
ጠላ ሲቀዳ፣
አጎንብሼ ከጨለማው ጆሮ እቆጥራለሁ፦
አንድ፣ ሁለት…
አራት ባገኝ ልጠራው ነበር፤
ግን ምን ብዬ?